ልጓም እምቢ ያለ የጋሪ ፈረስ በገብስ እንዴት እሺ አለ

ልጓም ሲያይ አንገቱን የሚሰቅል ፈረስ መጀመሪያ አፉ ይታይ። የከንፈሩ ጥግ ከቆሰለ ወይም የመንጋጋ ጥርሱ ጠርዝ ከሾለ ገብስ አያድነውም፤ የእንስሳት ሐኪም ይየው። የዚህኛው አፍ ደህና ነበር። ያስቸገረው አፉ ውስጥ የሚገባው የልጓሙ ብረት የጠዋት ቅዝቃዜና የባለጋሪው ችኮላ ነው።

ብረቱን በእጅ አሙቆ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ መንከር። በሌላው እጅ ቆንጠር ያለ ገብስ በፉርሽካ፤ መዳፍ ተዘርግቶ፣ አውራ ጣት ተጣብቆ (የታጠፈ ጣት ይነከሳል)። ብረቱ ከንፈሩን ሲነካው ዝም ካለ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ይቅመስ። አንገቱን ሰቅሎ ሳለ ከተሰጠው ግን የተማረው አንገት መስቀልን ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው። በቀን ሁለቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ተሠርቶ በ4ኛው ቀን አፉን ራሱ ከፈተ።

ካሮት ከተገኘ በቁመቱ ይሰንጠቅ፤ ክብ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ይቀረቀራል። ገብሱ በቀን ከሁለት እፍኝ አይለፍ፣ እህል ሲበዛ ሆዱን ይቆርጠዋል። ኪስ መፈተሽ ከጀመረ ከእጅ ሳይሆን ከጣሳ ይብላ።

ሲወልቅም ቀስ ነው፤ ብረቱን ራሱ እስኪተፋው መጠበቅ። ጥርሱን ከመታው ነገ እንደገና ከሀ መጀመር ነው።