አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ በመጣ ቁጥር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት) ሲገባ ነበርኩ። ተማሪን በቡድን የሚያደራጀው አንድ ለአምስት ሲመጣም ነበርኩ። ሁለቱም ሲረሱ አልጠፋሁም። ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ሥልጠና አለ ተብለናል።

አዲስ የገባችሁ መምህራን፣ እባካችሁ ጫጫታን እንደ ትምህርት አትቁጠሩ። ይሄን እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። "ተማሪው ራሱ ይድረስበት" የሚል ሥልጠና በወሰድኩ ማግስት ድንጋይና 1 ሜትር ሲባጎ ለየቡድኑ አደልኩ። ድንጋዩን በሲባጎው አንጠልጥላችሁ አወዛውዙ፣ አሥር ምልልስ ቁጠሩ፣ ሰዓት ያዙ፣ የመሬት ስበት ልኬት የሆነውን "ጂ"ን አስሉ አልኩ። ክፍሉ ቀውጢ ሆነ። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ተቀምጦ "የተማሪ ተሳትፎ፦ እጅግ በጣም ጥሩ" ብሎ ጻፈ። ጉዱ የወጣው ደብተር ስሰበስብ ነው። 9.8 አካባቢ መምጣት የነበረበት 12 ሆኗል፤ ያውም በአብዛኛው ቡድን! ለካ ድንጋዩን ሲለቁት "ዜሮ" በማለት ፈንታ "አንድ" ብለው ጀምረዋል። 20 ሰከንድ የሚፈጀው በ18 አለቀ፤ የቆጠሩት ዘጠኝ ነዋ፤ ሰዓቱ ሲያንስ ደግሞ "ጂ" ያድጋል። ሁለት ደቂቃ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ባሳያቸው ይበቃ ነበር። "ሌክቸር ያበዛል" እንዳልባል ፈርቼ ዝም አልኩ። አሁን መጀመሪያ አቆጣጠሩን አሳያለሁ። "ድንጋዩ ቢከብድ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?" ብዬ እጅ አስወጣለሁ። ከዚያ ይሞክሩት። የዘዴውን ስም አትጠይቁኝ።

ለቡድን ሥራ ለሁሉም እኩል ማርክ አትስጡ። አንዷ ትሠራለች፣ አራቱ ስማቸውን ይጽፋሉ።

ስላይድ ላይ ያለ ፐርሰንት ሁሉ ጥናት አይደለም። "ካነበብነው 10 በመቶ፣ ከሰማነው 20 በመቶ እናስታውሳለን" የምትለዋን ፒራሚድ ስንቴ ቀዳናት! መነሻዋ አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ኤድጋር ዴል በ1946 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሥዕል ነው፤ እሱ ላይ ቁጥር የሚባል የለም። ሌሎች ናቸው የለጠፉት። ተማሪን "በዓይኑ የሚማር፣ በጆሮው የሚማር" እያሉ መክፈልም በ2008 እ.ኤ.አ. በሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ በእነ ፓሽለር ተገምግሞ በቂ ማስረጃ አልተገኘለትም።

አዲሱን ሁሉ ማጣጣልም ደግ አይደለም። ከተከታታይ ምዘና የአርብ አጭር ፈተናን ይዤ ቀርቻለሁ፤ አልተውም።

የነበራችሁን ግን አትጣሉ። ፕላዝማ ሲተከል "ከእንግዲህ ማስታወሻ ምን ይሠራልኛል?" ብዬ የዓመታት ደብተሬን ሰፈራችን ላለች ቆሎ ሻጭ ሰጠኋት። መብራት በሄደ ቁጥር ስልሳ ልጅ እኔ ላይ ያፈጣል። አንድ ቀን ቆሎ ገዝቼ መጠቅለያውን ስፈታው የኒውተን ሁለተኛ ሕግ፣ በገዛ እጅ ጽሑፌ።