የደከመ ባትን በሥርዓት የማሸት ዘዴ

በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት የጥንት ግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ፣ ሐኪም ማሸትን ጠንቅቆ ማወቅ እንደሚገባው፣ ማሸት የላላን መገጣጠሚያ ሊያጠብቅ፣ የደረቀውንም ሊያላላ እንደሚችል ተገልጿል። ይህን ተቃራኒ ውጤት የሚያመጣው የእጅ ጉልበት መጠንና የጊዜው ርዝመት ነው። ስለዚህ ባትን ማሸት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መማር ያለበት ጉልበቱን መመጠን ነው።

ከመጀመርዎ በፊት እግሩን በደንብ ይመልከቱ። አንዱ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ ወይም ሲነካ የሚያም ሆኖ ከተገኘ ፈጽሞ አይሹት፤ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችልና ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወትን አደጋ ላይ ስለሚጥል፣ ሰውየው በአስቸኳይ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ትኩሳት፣ ቁስል ወይም ስብራት ሲኖርም ማሸት አይገባም።

የሚታሸው ሰው በሆዱ ይተኛ፤ ጉልበቱ ጥቂት እንዲታጠፍና ባቱ እንዲላላ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ያድርጉለት። ጥቂት ዘይት በመዳፍዎ አሙቀው፣ ሙሉ መዳፍዎን ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት በዝግታ ያንሸራቱ። አቅጣጫው ወደ ልብ የሚሆንበት ምክንያት አለው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ያሉት ክዳኖች ደምን ወደ ልብ ብቻ ያሳልፋሉ። ከጉልበት በስተኋላ ያለው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ግን፣ የደም ሥሮችና ነርቭ ለቆዳ ቅርብ ስለሆኑ አይጫኑ።

ባቱ ከሞቀ በኋላ ጡንቻውን በመዳፍና በጣቶች መካከል ይያዙ፣ ከአጥንቱ በመጠኑ ከፍ ያድርጉ፣ ጨመቅ አድርገው ይልቀቁ። ብዙዎች በአውራ ጣት ጫፍ ብቻ ይጫናሉ፤ ይህ የሚያሸውን ቶሎ ያደክማል፣ የሚታሸውንም ያሳምማል። ሰውየው ትንፋሹን ከያዘ ወይም የእግር ጣቶቹን ካጠፈ፣ እርሱ ባይናገርም ጉልበትዎ በዝቷልና ይቀንሱ። የጠጠረ ቦታ ካገኙ፣ የጣትዎን ጫፎች ቆዳው ላይ ሳያንሸራቱ ከቆዳው ጋር አብረው በትንሽ በትንሹ ያዙሩ።

እነዚህን ስልቶች ለይቶ በማደራጀት የሚመሰገነው በ19ኛው መቶ ዓመት የኖረው የኔዘርላንድ ሐኪም ዮሃን ጌኦርግ ሜዝገር ነው። በ1813 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም የአካል እንቅስቃሴ ተቋም የመሠረተው ስዊድናዊው ፐር ሄንሪክ ሊንግ የዚህ ሁሉ አባት ተደርጎ ሲነገር መኖሩ ግን ለሜዝገር የሚገባውን ክብር የነፈገ ይመስለኛል፤ የሊንግ ዋና ሥራ እንቅስቃሴው ነበርና።

የሚያሹበትንም ጊዜ ይለዩ። የመካከለኛው ዘመን ፋርሳዊ ሐኪም ኢብን ሲና «አል ቃኑን» በተባለው የሕክምና መጽሐፉ ሰውነትን ለእንቅስቃሴ የሚያዘጋጀውን ማሸት ከእንቅስቃሴ በኋላ ከሚደረገው ለይቶታል። ከሩጫ በፊት ከሆነ አጭርና ፈጠን ያለ ይሁን፤ በኋላ ከሆነ ደግሞ ዝግ ያለና ለስላሳ ይሁን።

ለአንድ ባት ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል። በጀመሩበት ለስላሳ ማንሸራተት ጨርሰው ዘይቱን ይጥረጉ፤ ሰውየው እንዳያዳልጠውና እንዳያዞረው ከመቆሙ በፊት ጥቂት ይቀመጥ። በማግሥቱ ባቱን ካመመው፣ ሕመሙ እስኪለቀው ጠብቀው በሚቀጥለው ጊዜ ጉልበትዎን በግማሽ ይቀንሱ።