ሮም ለሁለት፦ ለአንድ ቀን አንድ የሰዓት ቲኬት

ለእረፍት ሮም የገቡ ባልና ሚስት አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን የሚያበላሹት ገና ከቤት ሳይወጡ ነው። ጠዋት ኮሎሲየም፣ ከሰዓት በኋላ የቫቲካን ሙዚየም፣ ሁለቱም በተቆረጠ ሰዓት። የመጀመሪያው ፍተሻ ትንሽ ከጎተተ ምሳ ይዘለላል፣ ከዚያ አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይቸኩላል፣ ጠብ ይጀመራል። ስለዚህ በቀን የሰዓት ቀጠሮ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ያዙ፤ የቀረው በእግር ይሁን። ቫቲካን የራሱ ቀን ይገባዋል።

እዚህ የተጻፉት ሰዓቶች ቲኬት ላይ እንደሚታተሙት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው፤ 8:30 ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ቲኬት በስልክ ስትገዙ ይህን ሁለቴ አረጋግጡ። ዓመተ ምሕረቶቹም ሆኑ የወሩ ቀኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጉዞው በፊት

ለዚህ ቀን የሚበጀው ቀጠሮ የኮሎሲየም የጠዋት የመጀመሪያው ሰዓት ነው። መደበኛው ቲኬት ለአንድ ሰው 18 ዩሮ ሲሆን ፎሩምን (የጥንቷን ሮም አደባባይ ፍርስራሽ) እና አጠገቡ ያለውን የፓላቲን ኮረብታ ይጨምራል። ከጉብኝቱ 30 ቀን ቀድሞ መሸጥ ይጀምራል፤ በእረፍት ወራት የጠዋቶቹ ሰዓቶች ቶሎ ያልቃሉ። ግዢው ኮሎሲየምን የሚያስተዳድረው አርኪዮሎጂ ፓርክ ራሱ ከሚሸጥበት ገጽ ይሁን፤ ደላሎች ያንኑ ቲኬት በእጥፍ ይሸጡታል። ቲኬቱ ስም ያለበት ስለሆነ የሁለታችሁም ስም ፓስፖርት ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይቀር፣ ይጻፍ። በአንድ ሰው ስም ሁለት ቲኬት መግዛት በር ላይ ያስቆማል። ፓስፖርታችሁን ያዙ፤ የመስታወት ጠርሙስና ትልቅ ሻንጣ አታምጡ።

ቀኑንም አጣሩ። ታኅሣሥ 25 ኮሎሲየም ዝግ ነው። ሰኔ 2 የሪፐብሊኩ በዓል ስለሆነ ወታደራዊ ሰልፍ ኮሎሲየም ፊት ለፊት ባለው ጎዳና ያልፋል፤ ጠዋቱን አካባቢው ይዘጋል። በካቶሊኮች ስቅለት ዕለት ማታ የመስቀሉ መንገድ ጸሎት እዚያው ስለሚካሄድ በጊዜ ይዘጋል። ነሐሴ 15 አካባቢ ደግሞ ብዙ የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ለእረፍት ይዘጋሉ። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ መግቢያው ነጻ ነው፤ ወረፋው ግን የቀኑን ግማሽ ይበላል፣ ስለዚህ አንመክርም።

ጫማው ጠፍጣፋና የለመዳችሁት ይሁን። የሮም መንገድ በጥቁር ድንጋይ ጥርብ የተነጠፈ ነው፤ ቀጭን ተረከዝ በድንጋዮቹ መሐል ይሰነቀራል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ያንሸራትታል።

ጠዋት

7:00 ላይ ትሬቪ ፏፏቴ ድረሱ። በሜትሮ ኤ መስመር ባርቤሪኒ ወርዳችሁ አሥር ደቂቃ ገደማ በእግር ነው። ሁለታችሁ ብቻ ያላችሁበት ፎቶ የሚገኘው በዚህ ሰዓት ነው፤ ከ9:00 በኋላ ከኋላችሁ የሰው ጀርባ ይሞላል። ሳንቲም የሚወረወረው በቀኝ እጅ፣ በግራ ትከሻ ላይ፣ ጀርባን ለውኃው ሰጥቶ ነው፤ የሚለቀመው ገንዘብ ለካሪታስ በጎ አድራጎት ይሄዳል። ውኃው ውስጥ እግር መንከር ያስቀጣል።

ቁርስ በመንገድ ላይ ባለ ባር ይሁን፣ ቆማችሁ። ባንኮኒው ላይ የሚጠጣ ቡና ርካሽ ነው፤ ተቀምጣችሁ ካዘዛችሁ ያው ቡና እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በብዙዎቹ መጀመሪያ ካሳ (ገንዘብ ተቀባዩ) ጋ ከፍላችሁ ደረሰኙን ለአስተናጋጁ ታሳያላችሁ።

ከዚያ በፒያሳ ቬኔዝያ አድርጋችሁ ወደ ኮሎሲየም ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ቀጠሯችሁ ከመድረሱ ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ፍተሻው ጋ ቁሙ። በ80 ዓ.ም. በንጉሥ ቲቶ ዘመን የተመረቀውን ይህን ሕንፃ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ጊዜያችሁን ለፎሩም አስቀሩ። መግቢያው አጠገብ ባለው የቲቶ ቅስት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሮም ወታደሮች በ70 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም መቅደስ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ይታያሉ፤ ብዙ ጎብኚ ቀና ሳይል ያልፈዋል። ከፎሩሙ ወደ ፓላቲን ውጡ፤ ዛፍና ጥላ ያለው እዚያ ነው። አንዳችሁ ጉልበት የሚያማችሁ ከሆነ ግን ፓላቲንን ተዉት፤ ወጣ ገባው ይበዛል።

ውኃ መግዛት አያስፈልግም። በየመንገዱ ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ ውኃቸው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። የቧንቧውን አፍ በጣት ስትደፍኑት ከላይ ካለችው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈልቃል፣ ያለ ኩባያ ትጠጣላችሁ።

ፓላቲንን ስትጨርሱ በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ በኩል ባለው በር ውጡና ወደ ቀኝ ታጠፉ። ጥቂት ደቂቃ ሄዳችሁ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ትደርሳላችሁ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዚህ ነው፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ከሚገኝበት ሕንፃ ፊት ለፊት። በ2003 ተነቅሎ በ2005 ወደ አክሱም ተመለሰ፣ በ2008 በቦታው ቆመ። አብዛኛው የሮም መመሪያ አይጠቅሰውም፤ እናንተ ግን አምስት ደቂቃ ቁሙበት። ማረፊያችሁ ቴርሚኒ ጣቢያ አካባቢ ከሆነ ደግሞ የዶጋሊን ሐውልት እዩ። በ1887 የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ለገደላቸው ጣሊያኖች መታሰቢያ የቆመ ነው፤ የጣቢያው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው። የዘርዓይ ደረስ ታሪክ የሚነሣው በዚህ ሐውልት ሥር ነው።

ምሳና እረፍት

ከፖርታ ካፔና በሠረገላ መሮጫው፣ በቺርኮ ማሲሞ፣ ዳር ተጉዛችሁ ወደ ጥንቱ የአይሁድ ሰፈር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። 13:00 ላይ ተቀመጡ። ከ15:00 እስከ 19:00 ድረስ የብዙ ምግብ ቤቶች ማዕድ ቤት ስለሚዘጋ የዘገየ ሰው የሚያገኘው የቱሪስት ምግብ ብቻ ነው። የሰፈሩ ዝና ሙሉውን በዘይት የሚጠበሰው አርቲቾክ የተባለ አትክልት ነው፤ ወቅቱ ከክረምታቸው መጨረሻ እስከ ጸደይ ነው። ቅዳሜ ከሆነ የኮሸር (በአይሁድ ሕግ የሚያበስሉ) ምግብ ቤቶቹ ዝግ ናቸው፤ ወደ ካምፖ ዴ ፊዮሪ ዝለቁ። ጾም ላይ ላለ ሰው ፒሳ ማሪናራ ይበጀዋል፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም።

ከምሳ በኋላ ወደ ማረፊያ ተመልሳችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ተኙ። በሙቀቱ ወራት ይህን የዘለሉ ጥንዶች 18:00 ላይ እግራቸው ይከዳቸዋል፣ የከተማዋ ምርጥ ሰዓት ደግሞ ገና መጀመሩ ነው።

ከሰዓትና ማታ

16:30 ላይ ፓንተዮን፣ ጉልላታሙ የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ። መግቢያው 5 ዩሮ ነው፣ በር ላይም ይሸጣል። የጉልላቱ ስፋትና ከወለል እስከ ጫፍ ያለው ከፍታ እኩል፣ 43 ሜትር ገደማ ነው፤ አናቱ ላይ ያለው ክፍት ቀዳዳ ዘጠኝ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ዝናብ ከጣለ ውስጥ ድረስ ይገባል፣ ስለዚህ ወለሉ ላይ ያሉትን የማፍሰሻ ቀዳዳዎች ፈልጉ። ቅዳሜ 17:00 ላይ ጸሎተ ቅዳሴ ስላለ በዚያ ቀን በጊዜ ግቡ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ፒያሳ ናቮና ከዚያ አምስት ደቂቃ ነው። መሐል ባለው የቤርኒኒ ፏፏቴ ላይ አራት ወንዞች በሰው አምሳል ተቀርጸዋል። ፊቱን በጨርቅ የሸፈነው ናይል ነው፤ ሥራው ባለቀበት በ1651 ምንጩ ለአውሮፓውያን በውል የታወቀ አልነበረም።

ፎቶ ላይ ስትሆኑ ጽጌረዳ ለሴቷ እጅ አስይዞ ከባልየው ገንዘብ የሚጠይቅ፣ አምባር አንጓ ላይ የሚያስር ሰው ይመጣል። አትቀበሉ፣ እጃችሁን አጥፋችሁ እለፉ። ወደ ስፔን ደረጃዎች ከሄዳችሁም አትቀመጡባቸው፤ ቅጣቱ ከ250 እስከ 400 ዩሮ ነው።

ጀምበር ስትጠልቅ ፖንቴ ሲስቶ ድልድይ ላይ ሁኑ። የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ከወንዙ በላይ ይታያል። ተሻግራችሁ ትራስቴቬሬ እራት ብሉ፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከሚጠራችሁ ቤት ይልቅ ከዋናው አደባባይ ሁለት ቅያስ ገባ ያለውን ምረጡ። ሒሳቡ ላይ ለዳቦ ጥቂት ዩሮ ሊጨመር ስለሚችል ሜኑውን ቀድማችሁ አንብቡ።

ከምግብ ውጪ የሁለታችሁ ወጪ 52 ዩሮ ነው፦ ኮሎሲየም 36፣ ፓንተዮን 10፣ አራት የሜትሮ ቲኬት 6። ሜትሮ ላይ የባንክ ካርድን መግቢያው ላይ አስነክቶ መክፈል ይቻላል፣ ግን አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው፤ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ያዙ። አውቶቡስ ውስጥ እንደገባችሁ ካርዱን ማሽኑ ላይ አስነኩ ወይም ቲኬቱን አስመቱ፤ ተቆጣጣሪ ያላስመታ ካገኘ ከ50 ዩሮ በላይ ያስከፍላል። ሜትሮ በአዘቦት ቀን 23:30 ገደማ፣ ዓርብና ቅዳሜ 1:30 ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሌሊት አውቶቡስ ነው፣ ፌርማታ ላይ እጅ ካላነሣችሁለት ሊያልፋችሁ ይችላል።