ቅቤ ተቀብቶም የሚደርቅ ፀጉር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ከደሴ እስከ ባቲ፣ ከወልዲያ እስከ ላሊበላ፣ ፀጉሯ ደርቆ ያስቸገራት ሴት ከእናቷም ከጎረቤቷም ቀድማ የምትሰማው ምክር «ለጋ ቅቤ ተቀቢ» የሚል ነው። ምክሩ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ቅቤ በደረቀ ፀጉር ላይ ሲቀባ ድርቀቱን ሸፍኖ ያቆየዋል እንጂ አያስወግደውም፤ ስለዚህም ከጥቂት ቀናት በኋላ ፀጉሩ ከላይ ወዝ እየታየበት ሲዳሰስ ይሻክራል። ሌላ ቅባት ከመጨመር አስቀድሞ ፀጉሩ የጎደለውን መለየት ይገባል።

ከርዳዳ ፀጉር ከዞማ ይልቅ በተፈጥሮው ለድርቀት የተጋለጠ ነው። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ ቀጥ ባለ ዘለላ ላይ ያለ ችግር ወደ ጫፍ ሲወርድ፣ በሚጠማዘዝ ዘለላ ላይ ግን ከሥሩ ብዙም አይርቅም። የዘለላውን የውጭ ክፍል የሚሸፍኑት፣ ተደራርበው የተኙ ጥቃቅን ቅርፊቶችም በየመታጠፊያው ስለሚነሡና ቶሎ ስለሚጎዱ፣ ዘለላዎቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ፀጉሩም ይንጨባረራል።

ወዝ እያለው የማይለሰልስ ፀጉር

ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ፀጉሩ ያብረቀርቃል፣ ትራስና ሻሽ ያቆሽሻል፣ ውሃ ሲረጭበት ግን ነጠብጣቡ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ምክንያቱ በቅባት ላይ ቅባት መደራረቡ ነው። ለጋ ቅቤ በውስጡ ጥቂት ውሃ ቢኖረውም አብዛኛው ክፍሉ ስብ ነው፤ ስብ ደግሞ ያለውን እርጥበት ይጠብቃል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ቫዝሊንም እንዲሁ ነው።

መፍትሄው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። በመጀመሪያ የቆየው ቅባት ለብ ባለ ውሃና በሻምፖ ሁለት ጊዜ ይታጠብ፤ ሻምፖው የራስ ቆዳው ላይ ይታሽ፣ ጫፉን ግን እየወረደ ያለው አረፋ ይበቃዋል። ቀጥሎ ኮንዲሽነር ከመካከል እስከ ጫፍ ሳይሰሰት ይቀባና፣ ፀጉሩ ገና ሙልጭልጭ እያለ በጣት፣ ከዚያም ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር እየተወጣ ይፈታ። ከርዳዳ ፀጉርን ደረቁን ማበጠር የጥቅልሉን ቅርጽ ይበትናል፤ ዘለላውንም ይበጥሳል። ለቅልቆ ሲያበቃ በፎጣ ከመፈተግ ይልቅ በአሮጌ የጥጥ ካናቴራ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይሻላል። ቅቤው የሚገባው አሁን ነው፤ ፀጉሩ እርጥብ ሳለ፣ በመዳፍ መካከል ሲታሽ ሟሙቶ የሚጠፋ ያህል ብቻ፣ ይልቁንም በጫፉ ላይ። ከዚህ በላይ የሚጨመረው ቅቤ አቧራ ይሰበስባል፣ ሲሰነብትም ይቆመጥጣል።

በአደስ የታሸ ቅቤ መዓዛው እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ እኔም ይህ የወሎ እናቶች ልማድ እንዲቀር ከቶ አልሻም። ቅጠሉ በሚገባ ደቅቆ ካልተነፋ ግን በዘለላዎቹ መካከል ተሰግስጎ ሲበጠር ስለሚጎትት፣ መንፋቱን መቸኮል አይገባም። በአናት ላይ በርከት አድርጎ መዋልን የሚወድ ሰውም ይህን ከመታጠቢያው ቀን ዋዜማ ቢያደርገው፣ ቅቤው ፀጉሩ በሚታጠብበት ጊዜ ከመጠን ያለፈ ውሃ እንዳይጠጣ ይከላከልለታል፤ በማግስቱም ታጥቦ ይወጣል።

በጭጋግና በዝናብ ጊዜ የሚቆም ፀጉር

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ክረምቷ ጭጋጋማ ነው፤ በአስፋልቱ ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ ዝቅ ብላ ሞቃት ናት። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ሰው ጠዋት ያሰናዳው ፀጉር ከሰዓት በኋላ ሌላ መልክ ሲይዝ የሚያየው ለዚህ ነው። የፀጉርን ጊዜያዊ ቅርጽ የሚይዙት ውሃ በቀላሉ የሚፈታቸው ደካማ ማያያዣዎች ናቸው፤ የደረቀ ፀጉር እርጥብ አየር ሲያገኝ ውሃውን ይስብና ያብጣል፣ እያንዳንዱም ዘለላ ለብቻው ይነሣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ነፋስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ አየሩ ከፀጉሩ እርጥበት ይወስዳል።

ለዚህ ችግር ከሁሉ የምመርጠው በየቤቱ የማይጠፋውን ተልባ ነው። ሩብ ስኒ ተልባ በሁለት ስኒ ውሃ መካከለኛ እሳት ላይ እየተማሰለ ይፈላ፤ ሲነሣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ሲሆን ይውጣና ገና ትኩስ ሳለ በስስ ጨርቅ ይጠለል፤ ከቀዘቀዘ አይጠለልምና። ይህ ልዝብ፣ ጥቂት ቅባት በተነካ እርጥብ ፀጉር ላይ በመዳፍ ይለቅለቅና ጥቅልሉ ከታች ወደ ላይ ጨበጥ ጨበጥ ይደረግ። ከዚያ በኋላ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ አይነካ፤ መንጨባረር የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ የደረቀን ፀጉር ከመነካካት ነው። የተረፈው ልዝብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሳምንት ያህል ይቆያል፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ብቻ ማፍላት ነው። ግሊሰሪን የሚጠቀሙ ሰዎች በበጋው ነፋስ ጊዜ በብዙ ውሃ አቅጥነው ካልሆነ አይቀቡት፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን የሚስበውን ውሃ ከፀጉሩ ሊወስድ ይችላልና።

ከታጠበ በኋላ የሚጮኽና የሚጋግር ፀጉር

ከታጠበ በኋላ በጣት ሲያዝ ሲጥ የሚል፣ ሲደርቅም ነጣ ያለ ነገር የሚታይበት ፀጉር ብዙ ጊዜ በልብስ ወይም በገላ ሳሙና የታጠበ ነው። የደረቅ ሳሙና ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) በአብዛኛው 9 እና 10 አካባቢ ሲሆን የራስ ቆዳ ግን ወደ 5.5 ይጠጋል፤ ሳሙናው የዘለላውን ቅርፊቶች ያስነሣቸዋል። ውሃው ካልሲየምና ማግኒዢየም የበዛበት ከሆነ ደግሞ ከሳሙናው ጋር ተዋህዶ የማይሟሟ ዝቃጭ ይተዋል፤ ሳሙና በቀላሉ አረፋ የማያወጣበት ውሃ እንዲህ ያለ ነው። ሳሙናውን በሻምፖ መተካትና ለመጨረሻው መለቅለቂያ የዝናብ ውሃ መጠቀም በቂ ነው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው የመጀመሪያው ውሃ ግን አቧራ ስለሚያጥብ ይለፍ። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ አቅጥኖ መለቅለቅም ይረዳል።

ረጥቦም የማይጠቀለል ፀጉር

በፔስትራ፣ በፎን ወይም በማለስለሻ ኬሚካል የተጎዳ ፀጉር ውሃ ቢነካውም ጥቅልሉ አይመለስም፤ ጫፉም ይሰነጠቃል። ፀጉር ሕይወት የሌለው አካል ስለሆነ የተጎዳው ክፍል በማንኛውም ቅባት አይድንም። የተሰነጠቀውን መቁረጥና ከሥር የሚወጣውን መጠበቅ ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ ፀጉርም በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል።

ቅርፊት፣ ማሳከክና የሚሳሳ ግንባር

ነጫጭ ቅርፊት የሚረግፍበት ራስ ሁልጊዜ «ደርቋል» ማለት አይደለም። ፎረፎር የሚባባሰው የራስ ቆዳን ስብ በሚመገብ እርሾ መሰል ፈንገስ ስለሆነ ቅቤ ሲጨመርበት ሊበረታ ይችላል። ቅባቱ ከቆዳው ላይ ይቅርና፣ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ያለው ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ እየታጠበ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ድረስ ይሞከር። በሕፃን ራስ ላይ ክብ ክብ እየሆነ የሚመለጥና የሚቀረፍ ሲታይ ግን ላሽ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ላሽ በሚዋጥ መድኃኒት እንጂ በቅባት ብቻ አይድንም።

ለበዓል አጥብቆ የተሠራ ሹሩባ የግንባርንና የጆሮ ግንድን ፀጉር ከሥሩ ይነቅላል፤ ለዓመታት ከተደጋገመም ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። ሹሩባው የሚያም ከሆነ «ሲሰነብት ይላላል» ብሎ ልጅን ማስታገስ ሳይሆን ያንኑ ቀን መፍታት ይገባል። ሻሽ ወይም ሂጃብ ለሚያስሩ ደግሞ የጥጥ ጨርቅ ቀኑን ሙሉ ፀጉሩን ስለሚፈትግና እርጥበቱን ስለሚመጥ፣ ከሥር የሳቲን ገበር ያለው ቆብ ማድረጉ፣ ለመኝታም ትራሱን ሳቲን ማልበሱ የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ፀጉሩ እርጥብ ሳለም አይሸፈን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ድርቀቱ ካልቀነሰ፣ በተለይም ብርድ የመፍራት፣ የድካም፣ የክብደት መጨመር ወይም የእንቅርት ምልክት አብሮ ካለ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ሊሆን ስለሚችል በሐኪም መታየት ያስፈልጋል። ወር አበባ የሚበዛባት ሴት ፀጉሯ በብዛት የሚረግፍ ከሆነ የደም ማነስ ትመርመር። ከወሊድ በኋላ በሦስተኛው ወር አካባቢ የሚጀምረው መርገፍ ግን የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ዓመት ሳይሞላው በራሱ ይቆማል።