ካቴናው ሲዘል፣ ፍሬኑ ሲጮህ፣ ጎማው ሲተነፍስ፦ የተራራ ብስክሌት ችግርና መፍትሄ

አንድ ቅዳሜ ከባቱ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የግራር ሜዳ የፊት ጎማዬ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። ሁለቴ ራሴ ለጠፍኩት። በሦስተኛው ብስክሌቱን እየገፋሁ ጎሚስታ ቤት ደረስኩ። ሽማግሌው ባለሙያ ቀዳዳውን ለማየት እንኳ አልቸኮሉም። የውጭውን ጎማ አንስተው ውስጡን በቁራጭ ጨርቅ ዙሪያውን አበሱት፤ ጨርቁ አንድ ቦታ ላይ ያዝ አደረገ። የስንዴ ቅንጣት የማታህል የእሾህ ስባሪ በፒንሳ መዝዘው መዳፌ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይቺን ሳታወጣ ብትለጥፍ ምን ዋጋ አለው?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብስክሌቴ ሲበላሽ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ምክንያቱን እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚያስወጣን የተበላሸው ዕቃ ሳይሆን ያለ ምክንያቱ የተለወጠው ነው።

ጎማው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል

የውስጡን ጎማ ከማውጣታችሁ በፊት ቫልቩ የነበረበትን ቦታ በውጭው ጎማ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስተያዩ ቀዳዳው ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ።

በውጭ በኩል አንዲት ቀዳዳ ብቻ ካለች እሾህ፣ ሚስማር ወይም ጠርሙስ ነው። ሽማግሌው እንዳደረጉት በጨርቅ ፈልጉት፤ በባዶ ጣት ከሆነ ጣታችሁም ይወጋል። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ከተገኙ ግን እሾህ አትፈልጉ። ጎማው አየር አንሶት ድንጋይ ሲመታ የውስጡ ጎማ በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ተቆንጥጧል ማለት ነው፤ መፍትሄው አየር መጨመር ነው። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ የቸርኬውን የሽቦ ቀዳዳዎች የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቷል ወይም ተበጥሷል፤ ጥብጣቡን ካልለወጣችሁ ነገም እዚያው ይተነፍሳል። ቫልቩ ሥር የተቀደደ ጎማ ደግሞ ልጣፍ አይዝለትም፤ ጎማውን መለወጥ ነው። ይህ የሚሆነው አየር ያነሰው ጎማ ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ቫልቩን ስለሚጎትተው ነው።

ምን ያህል አየር? የሚፈቀደው መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የውስጥ ጎማ ያለው፣ 2 ኢንች ገደማ ስፋት ባለው ጎማ የሚሄድና 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለኮረኮንች ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ቢሞላ ጥሩ መነሻ ይሆነዋል፤ ለአስፋልት 40 አካባቢ። የጎሚስታ ኮምፕረሰር የብስክሌት ጎማን በአፍታ ይሞላዋል፤ ለመኪና እንደሚያደርጉት ከለቀቁበት ሊፈነዳ ይችላል። በአጭር በአጭሩ እየለኩ እንዲሞሉላችሁ ጠይቁ።

ስትለጥፉ ደግሞ አትቸኩሉ። የቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት አሹ፤ ማስቲሹን በስሱ ቀቡና በጣት ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቁ። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ሁሉ ይላቀቃል።

ዳገት ላይ ካቴናው ይዘላል

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ በሙሉ ጉልበት ረግጣችሁ ፔዳሉ በድንገት ባዶ ከሆነ ጉልበታችሁ ከመሪው ጋር ይጋጫል። አደገኛ ስለሆነ በቶሎ ሊታይ ይገባዋል። መጀመሪያ መቼ እንደሚዘል አስተውሉ።

ጠበቅ አድርጋችሁ ስትረግጡ ብቻ የሚዘል ከሆነ ካቴናው ወይም የኋላ ማርሹ ጥርሶች አልቀዋል። ለመለካት የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ካቴናውን ወጠር አድርጋችሁ ከአንዱ ፒን መሃል ተነስታችሁ 20 ፒን ቁጠሩ፤ አዲስ ካቴና ልክ 25.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 25.5 ካለፈ ካቴናውን ለውጡ። 25.6ን ካለፈ የኋላ ጥርሶቹም አብረው ሳያልቁ አይቀሩም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ በጣም ያረጀውን ካቴና ይለውጥና አዲሱ ባሰ ሲዘል «የገዛሁት ዕቃ የማይረባ ነው» ይላል። አዲሱ ካቴና ጤነኛ ነው፤ የተበሉት ጥርሶች ናቸው ያልያዙት።

ሳትረግጡትም ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያመነታ ከሆነ ችግሩ ከመሪው ተነስቶ ማርሽ ቀያሪውን የሚስበው ሽቦ ነው። ሽቦው ወደ ኋላ ማርሽ ቀያሪው በሚገባበት ጫፍ በእጅ የሚዞር ትንሽ ማስተካከያ አለ። ወደ ትልቁ ጥርስ አልወጣ ካለ ሽቦው ላልቷል፤ ከኋላ ሆናችሁ እያያችሁ ሩብ ዙር ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ አዙሩና ሞክሩ። ወደ ትንሹ አልወርድ ካለ ወደ ሌላው። ሁለቱም ካልተስተካከሉ ሽቦው በመከለያው ውስጥ ዝጎ ወይም አቧራ በልቶ ይሆናል፤ ከነመከለያው ለውጡት።

በቀኝ በኩል ከወደቃችሁ በኋላ የጀመረ ከሆነ ማርሽ ቀያሪው ቴላዮው (የብስክሌቱ ዋና አካል) ላይ የሚታሰርበትን ትንሽ ብረት እዩ። ከኋላ ሲያዩት ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ወደ ውስጥ ታጥፎ ትልቁን ማርሽ ካስገባችሁ ቀያሪው የኋላ ጎማው ሽቦዎች ውስጥ ሊገባና ሁሉንም ሊሰብር ይችላል፤ ሳይቃና አትንዱት።

ዘይትን በተመለከተ፦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ካቴና ላይ አትቀቡ። ብረት ያዘለ፣ አቧራ የሚሰበስብ ነው፤ በበጋ አቧራ ላይ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በጨርቅ አጽዱ፣ በየመገጣጠሚያው አንዳንድ ጠብታ አድርጉ፣ ጥቂት ቆይታችሁ ከውጭ ያለውን በሙሉ ጥረጉት። የሚያስፈልገው ዘይት ውስጥ የገባው ብቻ ነው።

ፍሬኑ ይጮሃል ወይም አይዝም

ቸርኬውን በሚጨብጥ ፍሬን ላይ መጀመሪያ ቸርኬውን የሚነኩትን የፍሬን ጎማዎች እዩ። ብልጭ ብልጭ የሚሉ የብረት ቅንጣቶች ከተሰኩባቸው በመርፌ አውጡ፣ ፊታቸውን በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ስታስሩም የፊተኛው ጫፍ ከኋለኛው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ እንዲነካ አድርጉ። የዲስክ ፍሬን ጩኸት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ነክቶታል። ዲስኩን በአልኮል ጥረጉ፤ ዘይት የጠጡ ሸራዎች ግን ስለማይድኑ ለውጧቸው።

በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን እጀታው እስከ መሪው ድረስ ልል ብሎ ከመጣ አየር ገብቶበታል። እዚህ ላይ አጥብቄ ላስጠንቅቅ፦ የመኪና ፍሬን ዘይት ለሁሉም አይሆንም። የሺማኖ (የጃፓን የብስክሌት ዕቃ አምራች) ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው፤ የመኪናው ከተጨመረባቸው የውስጥ ጎሚኒዎቻቸው ያብጡና ፍሬኑ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ወደ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት በእጀታው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ፍሬኑ ጤነኛ ሆኖ ቁልቁለት መሃል ላይ ብቻ የሚደክም ከሆነ ምክንያቱ አነዳዳችን ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የእንጦጦ አናት እስከ ታች ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ ይዞ መውረድ ያግለዋል። ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ። መያዝም ከኩርባው በፊት ነው። ከአጼ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራራውን ያለበሰው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ መንገዱ ላይ ረግፎ ሲገኝ የፊት ፍሬን በኩርባ ላይ ከተያዘ የፊት ጎማው ወዲያው ይሸሻል። እኔ ክርኔ ላይ ያለውን ጠባሳ ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጉልበት ያማል

ፊት ለፊቱን ካመማችሁ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ካመማችሁ ከፍ ብሏል። ተረከዛችሁን ታች በደረሰ ፔዳል ላይ አድርጉ፤ እግር ቀጥ ማለት አለበት። ለረጅም ቁልቁለት ብቻ ዝቅ አድርጉት።

በረገጡ ቁጥር «ቀጭ» ይላል

የፔዳሉን ክንድ ብሎን አጥብቁ። ሳይጠብቅ ከተነዳ የክንዱ ቀዳዳ ይሰፋና ከዚያ በኋላ ምንም አይዘውም። ፔዳሉን ራሱን ስትፈቱ የግራው ጥርሱ በተቃራኒ መሆኑን አትርሱ፤ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው። አለማወቅ ስንቱን አስሰበረ!

ከተገዛ ጀምሮ ከባድ ነው፣ ዳገት ላይ ይዋዥቃል

ይህ አይጠገንም፤ የመግዣ ስህተት ነው። ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው ርካሽ ብስክሌት ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ክብደቱ ይጨምራል፣ የምትረግጡት ጉልበትም የኋላውን ሾክ በማንቀጥቀጥ ያልቃል። በዚያው ዋጋ የፊት ሾክ ብቻ ያለውን ውሰዱ። ያገለገለ ስትገዙ መሪው ሥር፣ ሁለቱ ዋና ቱቦዎች የሚበየዱበትን ቦታ በስልክ መብራት እዩ፤ ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ተዉት። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወዲህና ወዲያ ግፉት፤ መሪው ሥር «ጓ» ካለ ወይ ልል ነው ወይ ኩሽኔታው ሞቷል።

ከክረምት በኋላ ሁሉም ነገር ይሻክራል

ጥቁር አፈር ላይ ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጎማውንና ቴላዮውን አንድ ያደርጋል። በግድ ከመርገጥ ወርዶ መሸከም ይሻላል፤ ማርሽ ቀያሪ የሚሰበረው ያኔ ነው። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ወደ ላቫጆ አትውሰዱት። ኃይለኛው ውኃ ግራሶውን ከኩሽኔታው አጥቦ ያወጣና በምትኩ አሸዋ ያስገባል። ጭቃው እንዲርስ አድርጉ፣ በባልዲ ውኃና በብሩሽ እጠቡ፣ ካቴናውን አድርቃችሁ ዘይት ቀቡ፤ ከዚያ ሁለቱንም ጎማ አንስታችሁ አሽከርክሩና ጆሯችሁን ቴላዮው ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ። አሸዋ የገባበት ኩሽኔታ ሲያንኮራክር ይሰማል፤ ያኔውኑ ፈትቶ በናፍጣ ማጠብና አዲስ ግራሶ መሙላት ነው።