ፓርቲ የሚለውን መስመር አትዝለሉት፦ ሜሪላንድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትመርጡ

ዜግነት የወሰድኩት በ2017 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው)። ቃለ መሐላውን እንደጨረስን የመራጭነት ቅጽ የሚያድሉ ሰዎች በር ላይ ነበሩ። ትንሿን ባንዲራዬን እንደያዝኩ እዚያው ሞላሁ። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን። ከዚያ «ፓርቲ» የሚል ጥያቄ መጣ። እጄ ቆመ። እኔ ባደግኩበት አገር ፓርቲ መግባት ማለት ስብሰባ ነው፣ መዋጮ ነው፣ ዘመን ሲቀየር ደግሞ መዘዝ ነው። «የማንም ፓርቲ አይደለሁም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ተገላገልኩ።

በዓመቱ ጁን ላይ ፕራይመሪ የሚባለው የፓርቲዎች የእጩ መለያ ምርጫ ደረሰ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ፣ ሌሊት ነው። ጠዋት የሥራ ልብሴን ሳልቀይር በቀጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ምርጫ ጣቢያዬ ሄድኩ። የተሰጠኝ ወረቀት ላይ የትምህርት ቦርድ ተወዳዳሪዎች ብቻ አሉ። የስቴቱ ገዥ የለ፣ የካውንቲው አስተዳዳሪ የለ፣ ምክር ቤቱ የለ። ወረቀት ተሳስተው የሰጡኝ መስሎኝ ጠየቅኩ። አልተሳሳቱም። ፓርቲ ስላልመረጥኩ የሚደርሰኝ ያ ብቻ ነበር።

ያን ቀን የዲሞክራቶች የሞንትጎመሪ ካውንቲያችን አስተዳዳሪ እጩ ለመሆን ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፈው በ77 ድምፅ ነው። በ2022 ሁለቱ እንደገና ተፎካከሩ። ልዩነቱ 32 ሆነ። ሠላሳ ሁለት! እኔ የምኖርበት ሕንፃ አንድ ፎቅ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ሰው አለ።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን እወቁ። ፕራይመሪ ማለት ፓርቲዎቹ በኖቬምበሩ ዋና ምርጫ የሚያቀርቡትን እጩ የሚለዩበት ምርጫ ነው። አሠራሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ቨርጂኒያ ስትመዘገቡ ፓርቲ አትጠየቁም፤ በፕራይመሪው ቀን የአንዱን ፓርቲ ወረቀት ጠይቃችሁ መምረጥ ትችላላችሁ። ሜሪላንድ ግን ዝግ ነው። ዲሞክራት ሆኖ የተመዘገበ በዲሞክራቶች፣ ሪፐብሊካን ሆኖ የተመዘገበ በሪፐብሊካኖች ፕራይመሪ ይመርጣል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ደግሞ ነገሩ የሚያልቀው በአብዛኛው እዚያው ፕራይመሪው ላይ ነው፤ ለካውንቲው ምክር ቤት አንድ ሪፐብሊካን ካሸነፈ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። ወደ ምዕራብ፣ ጋሬት ካውንቲ ብትሄዱ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ዋናው ፉክክር ሪፐብሊካኖች ቤት ውስጥ ነው። የመንገዱን፣ የቤት ኪራይ ሕጉን፣ የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት በጀት የሚወስኑት ሰዎች በዚህ መንገድ ነው የሚመጡት።

ፓርቲ መምረጥ እዚህ አገር አባልነት ብለን የምንፈራው ዓይነት ነገር አይደለም። መዋጮ የለም፣ ስብሰባ የለም። በኖቬምበር ያሻችሁን ፓርቲ ሰው መምረጥ ትችላላችሁ። የመረጣችሁት ፓርቲ መራጮች መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ የቅስቀሳ ወረቀትም በፖስታ ይጎርፍላችኋል። ለማን ድምፅ እንደሰጣችሁ ግን ማንም አያይም። ፓርቲ ለመቀየር ወይም አዲስ ለመምረጥ ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት መጨረስ አለባችሁ። በምርጫው ቀን ሄዳችሁ «አሁን ልቀይር» ብትሉ አይሆንም። የተመዘገባችሁበትን ፓርቲ ከስቴቱ ምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስማችሁን፣ የልደት ቀናችሁንና ዚፕ ኮዳችሁን አስገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ዛሬውኑ እዩት።

ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ይህን በጥንቃቄ አንብቡልኝ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ወይም ስታሳድሱ «መራጭ ሆነው መመዝገብ ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አይ በሉ። ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብና በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፤ ዜግነት ሊያስከለክል፣ ከአገርም ሊያስባርር ይችላል። «አላወቅኩም ነበር» ማለት ላያድናችሁ ይችላል። ጎረቤታችን ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን በከተማዋ ምርጫ ታስመርጣለች፤ ያ ግን ለከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው።

ምዝገባው ራሱ ቀላል ነው። የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ካላችሁ ኦንላይን ጥቂት ደቂቃ ነው። የምዝገባው ቀን ያለፈበት ሰውም አድራሻውን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ፣ ድምፅ ሊሰጥ በሄደበት ቀን እዚያው መመዝገብ ይችላል።

አሁን ወረቀቱን ስለማንበብ። ከምርጫው በፊት የናሙና ወረቀት በፖስታ ይመጣል። ከማስታወቂያ ጋር እንዳትጥሉት። እኔና እማዬ ቡና አፍልተን አንድ በአንድ እናነበዋለን። አንዳንዱ ቦታ አንድ ሰው ብቻ ይመረጣል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ግን 11 መቀመጫ አለው፤ 7ቱ በየወረዳው፣ 4ቱ ካውንቲውን በሙሉ የሚወክሉ ናቸው። ለእነዚህ 4 እስከ 4 ሰው ድረስ ትመርጣላችሁ። ከዚያ ካለፋችሁ የዚያ ክፍል ድምፃችሁ አይቆጠርም። ሁሉንም መሙላት ግዴታ አይደለም። የማታውቁትን ክፍት ተዉት፣ ሌላው አይበላሽም። የያዛችሁትን ማስታወሻ ወረቀት ይዛችሁ ብትገቡ ማንም አይከለክላችሁም፤ ስልክ መጠቀም ግን እዚያ ውስጥ አይፈቀድም።

እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም። ከእኔ ቀድማ ስለመጣች፣ ዕድሜዋና በግሪን ካርድ የቆየችው ዓመት ስለፈቀደላት የዜግነት ፈተናውን በአማርኛ ነው የተፈተነችው። የምርጫው ወረቀት ደግሞ በአማርኛ የለም። የፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ ግን ማንበብ የማይችል ሰው የሚረዳውን ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ አይችሉም። እኔ አብሬያት ገብቼ ስሞቹን አነብላታለሁ፣ የምትለኝ ላይ አጠቁራለሁ። እኔ የምወደውን ሰው ትታ ሌላ ስትመርጥ አፌን እይዛለሁ። ድምፁ የእሷ ነው።

እንደ እኔ ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ ከምርጫው ቀን በፊት ባለው የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ጊዜ ሂዱ፣ ወይም ወረቀቱ በፖስታ እንዲላክላችሁ ጠይቁ። በቅድሚያው ጊዜ በካውንቲያችሁ ካሉት ጣቢያዎች የትኛውም ያስተናግዳችኋል፤ በዋናው ቀን ግን የተመደባችሁበት ጣቢያ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አብዛኛው መራጭ መታወቂያ አይጠየቅም፤ አዲስ ተመዝጋቢዎች ግን ለማንኛውም ያዙ። ስማችሁ ከመዝገቡ ቢጠፋ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፤ «ፕሮቪዥናል» የሚባለውን ወረቀት ጠይቁ፣ ኋላ ተጣርቶ ይቆጠራል። በሩ በአሜሪካ አቆጣጠር ምሽት 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በዚያች ደቂቃ ሰልፍ ውስጥ ከሆናችሁ ግን እስኪደርሳችሁ አትነሡ፤ የማስመረጥ ግዴታ አለባቸው።