ሙሉ ልብስ ለብሶ ከሰው መሃል መቀመጥ፦ በሰሜን ሸዋ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሙሉ ልብስ ለቢሮና ለሰርግ ብቻ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ ለቡና፣ ለማኅበርና ለዘመድ ጥየቃም መልበስ ነውር የለበትም ባይ ነኝ። በአገራችን ሰው ቅር የሚሰኘው በልብሱ አይደለም፤ ልብሱ በለባሹ ላይ በሚያመጣው ጠባይ ነው። የሚከተሉት ስህተቶችም አብዛኞቹ የጠባይ ናቸው።

አንደኛው፣ ሰው የሚያየኝ ኮት ስለለበስኩ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዱ ኮትን የዕለት ልብስ አድርጎታል። መንዝ ብትወጣ ገበሬው ከልባሽ ተራ የገዛውን አሮጌ ኮት ለብሶ ሲያርስ ታገኘዋለህ፤ ገበያ ሲወጣም ጋቢውን በላዩ ይደርብበታል። ኮት ብቻውን ማንንም አያስደንቅም። ዓይን የሚስበው ከረባቱ፣ ከኮቱ ጋር አንድ የሆነው ሱሪና የተወለወለው ጫማ የተገናኙ እንደሆነ ነው። ያኔ «ሰርግ አለ እንዴ?»፣ «ሽማግሌ ልትላክ ነው?» ይመጣል። ከረባቱን ፈትተህ ሹራብ ከውስጥ ብትለብስ ያው ልብስ የሰፈር ልብስ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ይህን ጥያቄ እንደ ነቀፋ መቁጠር ነው። «ዛሬ የት ልትሄድ ነው?» በእኛ ዘንድ ግማሹ ሰላምታ ነው። «ደስ ብሎኝ ለበስኩት» ማለት ይበቃል። «አማረብህ» ላለህም አመስግነህ እለፍ። ዋጋውንና የተገዛበትን ሱቅ መዘርዘር ግን አይገባም። ልጁን ለማስተማር በግ የሸጠ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ልብስን ከሰው መሰሰት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገጠር ቤት ስትገባ መደብ ላይ አጎዛ ይነጠፍልሃል። የተነጠፈው አንተን ለማክበር ነው። መደቡን በመሐረብ ጠርገህ፣ የኮትህን ጫፍ ሰብስበህ፣ በጫፏ ብቻ ብትቀመጥ ባለቤቲቱ ሁሉንም ታያለች። ምንም አትልህም፤ ነገር ግን ቤቷ እንደቆሸሸብህ ገብቷታል። የበጉ ፀጉር ከጥቁር ሱፍ ላይ መጣበቁ አይቀርም፤ ይጣበቅ፤ ወጥተህ፣ ከቤቱ ርቀህ በብሩሽ ታነሳዋለህ። ሰርግ ቤትም እንዲሁ ነው። ጎረምሳው ሁሉ ወንበር ሲሸከምና ድንኳን ሲተክል አንተ እጅህን ኪስ ከትተህ ብትቆም፣ «ልብሱ ከበደበት» ይሉሃል፤ እውነታቸውንም ነው። ኮትህን አውልቀህ፣ እጅጌህን ጠቅልለህ ግባበት። ሥራ ሊኖር እንደሚችል ካወቅህ ደግሞ ከቤትህ ስትወጣ የሚታጠብ ሱሪ ምረጥ።

ለቅሶ ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። የሚያብረቀርቅ ጨርቅ፣ ደማቅ ከረባትና የበዛ ሽቶ የሐዘንተኛውን ቤት ይረብሻል። ጠቆር ያለ ኮት ያለ ከረባት፣ ከላዩ ጋቢ ወይም ነጠላ ደርበህ ሂድ። ሌላው መቃብር ሲቆፍር ወይም አስከሬን ሲሸከም ከዳር መቆም ግን በማንኛውም ልብስ አያምርም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ነጠላውን ከኮቱ በላይ አጣፋ፤ ሙሉ ልብስ ነጠላን አይተካም።

ልብሱ ያመጣልህን ክብር እንደ ራስህ ገንዘብ መቀበልም ስህተት ነው። ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት ሲገባ፣ የመንግሥት ሰው ወይም እንግዳ መስሏቸው አዛውንት ሳይቀሩ «ኖር» ብለው የሚነሱበት ጊዜ አለ። «በእግዜር» ብለህ ከታች ተቀመጥ። በዕድሜ የሚበልጥህ ሰው የለቀቀልህ ወንበር ላይ ተደላድለህ ብትቀመጥ፣ ልብስህ ሳይሆን አስተዳደግህ ይነሳል። ቡና ቤትም አስተናጋጁ ቀድሞህ የመጣውን ባለ ጋቢ ትቶ ወዳንተ ቢመጣ፣ «እሳቸው ይቅደሙ» በል።

የአየሩን ነገር በአጭሩ ላንሳ። ከጣርማበር ቁልቁል ወርደህ ደብረ ሲናን አልፈህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ፣ ከደብረ ብርሃን ከፍታ በግማሽ ያህል ዝቅ ብለሃል። ለደጋ የተሰፋው ባለ ገበር ወፍራም ሱፍ እዚያ ላብ በላብ ያደርግሃል። ወደ ቆላ ስትወርድ ስስ ጥጥ ወይም ሊኖ ኮት ያዝ፤ ፖሊስተር ግን አየር ስለማያስተላልፍ ስስ ቢሆንም ይሞቃል።

ስለ ልብሱ ራሱም ብዙዎች የሚስቷቸው ነገሮች አሉ። እጅጌው ላይ በስሱ የተሰፋው የፋብሪካ ምልክት ሱቅ ውስጥ ለማሳየት ነው፤ ገዝተህ ስትወጣ ይፈታል። የኮቱን የኋላ ስንጥቅ በመስቀል ቅርጽ የያዘው ክርም እንዲሁ ይቆረጣል። ቁልፍ ስትቆልፍ የመጨረሻውን ክፍት ተው፤ ስትቀመጥ ሁሉንም ፍታ። የሸሚዙ እጅጌ ከኮቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢታይ ያምራል። ትከሻው የሰፋ ኮት አትግዛ፤ ወገቡንና እጅጌውን ልብስ ሰፊ በቀላሉ ያስተካክልልሃል፣ ትከሻን ማጥበብ ግን ከባድ ሥራ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ልብሱን ለሰርግ ብሎ ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ነው። ሙሉ ልብስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ሲጀመር የመዝናኛና የገጠር ልብስ ነበር፤ ለክብር ቦታ የሚለበሰው እስከ ጉልበት የሚደርስ ረጅም ኮት ነበር። ሳጥን ውስጥ የከረመ ሱፍ ብል ይበላዋል። ባለቤቱም በዓመት አንዴ ሲለብሰው አንገቱና ክንዱ ስለማይለምደው ተገትሮ ይውላል፤ ሰውም የሚያየው ያንን መገተር ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤት ቡና ስትጠራ ያለ ከረባት ልበሰው። ሦስተኛው እሑድ ላይ የሚጠይቅህ አይኖርም።